ማረቅና ማራቅ

ሴትዮዋ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አሥራ አንድ ዓመት የሰው ክርክር ስትተይብ ኖራለች፤ ባልደረቦቿ «ማሽኗ» ይሏታል። በኢንተርኔት ጥላቻ የሚነዛን የሚቀጣው ሕግ ከወጣ ወዲህ ዋና ሥራዋ ስድብ መተየብ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ጸያፉን ቃል በነጥብ ትዘለው ነበር። ዳኛው አስጠርተው፣ ሕጉ የሚመዝነው ቃሉን እንጂ ነጥቡን እንዳልሆነ ነገሯት። ከዚያ ወዲያ እንደ ወረደ ትገለብጠው ጀመር። በስድስተኛው ወር የምትተይበውን ማንበቧን ተወች፤ የሚሠራው እጇ ብቻ ሆነ።

አንድ ሰኞ የአንድ ጎሚስታ መዝገብ መጣ። ጎማ ጠጋኙ ከወንዝ ማዶ ስለመጡ ሰዎች በስልኩ ጽፎ ለሺዎች ያዳረሰው ነው። እናቷ የወንዝ ማዶ ሰው ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እሷ ገጹን እንደ ሌላው ሁሉ ተይባ፣ ማኅተም አስመትታ፣ ምሳዋን በላች።

በችሎቱ ቀን የጎሚስታው ጠበቃ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ ተነሣ። ደንበኛው የጻፈው «እነዚህን ሰዎች ማረቅ ነው» ሲሆን፣ በግልባጩ «ማራቅ ነው» ተብሏል። ማረም ሌላ፣ ማባረር ሌላ፤ ሰው ይታረም ብሎ ሐሳቡን የገለጸ አይከሰስም ብሎ ተከራከረ።

ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ። «ፊደሉን ማን ለወጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ሆን ብለሽ?»

ለማስታወስ ሞከረች። «አይደለም። የፊደል ስሕተት መስሎት እጄ አረመው።»

ጠበቃው የእናቷን አገር አነሣ። ዳኛው አስቆሙት፤ የተባለው ግን ተብሏል። ዋናው ጽሑፍ ቀርቦ ሲታይ ለሁለት ትርጉም የሚመች ሆነ፤ ጥርጣሬው ለተከሳሹ ተይዞለት ጎሚስታው በነጻ ተለቀቀ።

በሩ ላይ ሲያልፋት፣ «እኔ እንኳ ድሮም ፊደል ላይ ደካማ ነኝ፣ እህቴ» አላት። ማሾፉ ይሁን ማዘኑ አልለየችውም።

ቤት ስትገባ እናቷ ወሬውን ሰምተው ጠበቋት። «አንቺስ? ምን ማለቱ ይመስልሻል?»

«ማራቅ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«የጠየቁኝ ስለ ፊደሉ ነው።»

እናትየዋ ሳሕኗን ወደ እሷ አስጠጉላት። በላች።

በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት። እዚያ የሚነበብም የሚተየብም የለም፤ ቁጥር አይቶ መደርደር ነው። ባልደረቦቿ እንኳን ተገላገልሽ ይሏታል። እሷም አዎ ትላለች፤ የሚቀጥለውን ቁጥር እያየች።