ከሣሩ ሥር ያለው አሉማ

ኡሙሀኒ ቂም ስትይዝ ድምፅ አታሰማም። አፍንጮ በር ግቢዋ ውስጥ ተከራይቼ ስለኖርኩ አውቃታለሁ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ያን የሲንን ሰፈር እስኪሰማ ነበር የምሰድበው።

የሲን የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ግቢው ሲከፈል የፊቱ ለእሱ፣ ጓሮው ለእሷ ደረሰ። የእሷ አሉማ ግን ከፊት በኩል ነበር፤ ያ ግንዱ ቀላ የሚለው፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላው። ዘሩን እናቷ ናት ከወሎ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው። ኡሙሀኒ ለጋውን ቀንጥባ ትቀቅላለች፤ ጨምቃ፣ ከትፋ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ታቁላላዋለች። ጥቂት እግር ግን ሳትነካ ትተዋለች፣ ደርቆ ዘር እንዲሰጣት። ሌላ ዘር ቤቷ የላትም።

አምና እሷ ለቅሶ ደሴ ሄዳ ሳለ፣ የፒያሳ ሱቁ በልማት የተነሳበት የሲን ካፌ ሊከፍት፣ ሣር ሊተክልበት የፊቱን ግቢ አስቆፈረ። የደረቀውን አሉማም አስነቀለ።

ስትመለስ ባዶውን መሬት አይታ አለቀሰች። የእናቷ ዘር ነዋ!

"የት አደረስከው?"

"እትዬ፣ የደረቀ ነገር ምን ያደርግልሻል? እዚሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለን ቀበርነው፣ ለሣሩ ይሆናል።"

"እዚሁ?"

"እዚሁ።"

እንባዋን ጠረገች። "ደግ አደረግክ" አለችው።

ክረምት ሲገባ አሉማው በካፌው ሣር መሃል፣ በየወንበሩ ሥር ፈላ። የሲን ነቅሎ ነቅሎ ሲሰለቸው ጓሮ መጣ። "እትዬ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ፤ በናትሽ አጽጂልኝ።"

ሰፌዷን ይዛ ገባች። አሉማ ጫፉ ሲቀነጠብ ከጎን ከጎኑ ያቆጠቁጣል፤ እሷም ጫፍ ጫፉን እየቀነጠበች ሥሩን አልነካችም። በሳምንቱ ዱር ሆነ። እንደገና ጠራት፣ እንደገና ቀነጠበች። ሣሩ ላይ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ጠፋ። እኛ ክረምቱን ሙሉ ከየሲን ግቢ በላን፤ እኔን እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። ለእሱም በሳህን ትልክለት ነበር። "እጅሽ ይባረክ" እያለ ይበላል፣ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳይጠይቅ።

ጥቅምት ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ሳትቀነጥብ የተወቻቸው እግሮች ደረቁ። ጥቁሩን ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ የቀረውን ከነዘሩ እዚያው ተወችው። የሲን አገዳውን ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ ይሄ ደርቋል። ምን ላድርገው?"

"እንደ አምናው ቅበረው" አለችው። "ለሣሩ ይሆናል።"

አካፋውን አምጥቶ ቀበረው።