የእናናየሁ ቻርጀር

እስቲ የእናናየሁን መዳፍ ተመልከቱ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቋ ተቀምጣ አዲስ የላፕቶፕ ቻርጀር በእጇ ትመዝናለች። ማንም አላስተማራትም። የተጣለ ሬዲዮ እየፈታች፣ ያልገባትን ከአሮጌ ላፕቶፗ እያየች፣ ራሷን በራሷ ባለሙያ ያደረገች ሴት ናት።

ፊቷ የቆመችው ዋንጂሩ የምትባል ኬንያዊት ተማሪ ናት። እነዋሪ በምትባለው የገጠር ከተማ አጠገብ ገበሬ ቤት ተቀምጣ ስለ ገብስ ዘር ስታጠና ከርማለች። ትናንት መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ቻርጀሯ ተቃጠለ፤ ባትሪውም አልቋል። ጽሑፏን እስከ ነገ ማታ ለዩኒቨርሲቲዋ ካልላከች የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

«ይሄን አትግዢ» አለቻት እናናየሁ፣ ቻርጀሩን ጆሮዋ ሥር እየነቀነቀች። ውስጡ ተንኳኳ። «ከባድ እንዲመስል ብረት ከተውበታል። ላፕቶፕሽንም ይዞት ይሞታል።»

ቻርጀሩን ያመጣው ባለሱቁ ጎረቤቷ ሰይፈሥላሴ ነው። «ቅቤ ነው እንዴ የምትመዝኚው? እንግዳ ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«ያዋረድኩህ እኔ ነኝ ወይስ ብረቱ? እስቲ የልጅህ ላፕቶፕ ላይ ሰካው።»

ሰይፈሥላሴ እያጉረመረመ ይዞት ሄደ።

የሚያዋጣው ያገለገለ ግን ትክክለኛ ቻርጀር ማግኘት ነበር። እናናየሁ የት እንዳለ ታውቃለች። አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ የተበላሹ ላፕቶፖች ከነቻርጀራቸው ተከምረዋል። ዋንጂሩን አስከትላ ንብረት ክፍሉን የሚጠብቁት ሰውዬ ዘንድ ሄደች።

«ጋሽ ይስማው፣ አንዱን ለሁለት ቀን ያውሱኝ።»

«ደብዳቤ አለሽ?»

«ላፕቶፑ እኮ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።»

«ቢሞትም ንብረት ነው።»

«ጣሪያው እያንጠባጠበበት?»

«ለጣሪያውም ደብዳቤ ጽፈናል።»

ይስማው ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንዲት ገመድ ብትጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ግን የሰው ልጅ ዓመቷን ልታጣ ቆማ እያለ ዝገት በቁልፍ የሚያስጠብቅ ደንብ ምን የሚሉት ደንብ ነው? ማን አወጣው? ማንስ ይሽረዋል?

ሲመለሱ ዋንጂሩ አስፋልቱ ዳር ስትደርስ በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። እናናየሁ ሱቋ ገብታ ከራሷ ላፕቶፕ ላይ ቻርጀሩን ነቀለች። ቮልቱን ለካች፤ ጫፉን ሞከረች፤ ገጠመ።

«አንቺስ?» አለች ዋንጂሩ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«እኔን ነገ የሚጠብቀኝ ዩኒቨርሲቲ የለም። ያዢው ባክሽ።»

ጽሑፉ በማግሥቱ ተላከ። አሁን ዋንጂሩ ዩኒቨርሲቲዋ አርሚው ያላትን ለማረም እነዋሪ ናት፤ ቻርጀሩም እዚያው ነው። የእናናየሁ ላፕቶፕ ግን እንደተዘጋ ነው። የከበደ ብልሽት ሲመጣባት መላውን የምታይበት ላፕቶፕ ስለሌላት፣ «ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ» እያለች ሰው ትሸኛለች።

እናንተ የምታነቡ፣ አሁኑኑ ተነሡና መሳቢያችሁን ክፈቱ። አሥራ ዘጠኝ ቮልት የሚል ደህና ቻርጀር ሥራ ፈትቶ ተኝቶ ካገኛችሁ፣ ለሚሠራበት ሰው ስጡት።