እማማ ጥሩነሽን ከስኳር ያዳነው ኮምፒውተር

ካርድ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ደምሴ ወንበር አላሳዩኝም። ያሳዩኝ ክር ነው። በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ማንበብ ትችያለሽ?" አሉኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና ትንሽ ከፋኝ። "እችላለሁ" አልኩ።

"እሱ ለመንግሥት ነው። ለበሽተኛው ክር መለየት ይበቃል።"

ጤና ጣቢያችን ከጎፋ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። መንገድ ያልኩት ለክብሩ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው የገባበትን ጫማ አይመልስም። ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ሁሉ ያኔ ጤፍ ይበቅልበት ነበር። ከበሽተኞቻችን ግማሹ ከተሜ፣ ግማሹ ገበሬ ነው።

የክሩ ነገር እንዲህ ነው። ቀበሌ ለደሃ የነጻ ሕክምና ወረቀት ይሰጣል፤ ማኅተም ያለው፣ ፎቶ የሌለው። ወረቀቱ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ በሽታው ግን ለግቢው ሁሉ ይዳረሳል። ስለዚህ ያላት ለሌላት ታውሳለች። ወንፊት የሚዋዋስ ጎረቤት ወረቀት ቢዋዋስ ምን ይገርማል? ሐኪሞቹ ያውቃሉ፤ ነርሶቹም ያውቃሉ። የማያውቀው ቀበሌው ብቻ ነው፤ እሱም ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም።

አደጋው ግን ነበረ። ሁሉም በአንድ ስም ሲታከሙ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ አቶ ደምሴ መላ ዘየዱ። በአንድ ማኅደር ውስጥ የባለቤቷ ወረቀቶች በነጭ ክር ይታሰራሉ፤ የተዋሱት ደግሞ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀለም። በሽተኛ ሲገባ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምንሽን ያምሻል?" ብሎ አይደለም። "የትኛው ክር ነሽ?" ይላል።

ከማኅደሮቻችን ሁሉ ወፍራሙ የእማማ ጥሩነሽ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ምላሳቸው ምላጭ የሆነ የሀና ማርያም ሴት ናቸው። ነጩ ክር የእሳቸው ነው። ግቢያቸው ተከራይታ ሽንኩርት የምትቸረችረው ሸምሲያ ቀይ ክር ናት፤ ትንሹ ልጇ አረንጓዴ። ወተት የሚያመጣላቸው ገበሬ ደግሞ ሰማያዊ፤ ሽንት አልወርድ እያለ ያሠቃየዋል። "ጥሩነሽ!" ብዬ በመስኮት ስጣራ ባለ ጢሙ ሰውዬ "አቤት!" ብሎ ይነሣል። አንድም ሰው ስቆ አያውቅም።

አቶ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ክሩ በእኔ እጅ ከገባ በኋላ፣ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ኮምፒውተር መጣልን። አንድ ለጋሽ ድርጅት ነው የሰጠን። ክፍሉ ቀለም ተቀባ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። መርፌ ክፍል ውሃ በባልዲ እየተቀዳ፣ ኮምፒውተሩ ዘንድ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቅ ነበር። ከነርሶቹ አንዷ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ሙሽራ ቤታችን የገባች ነው የሚመስለው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ፍስሐ እኔ ክፍል ድረስ መጡ። መልካም አለባበስ የሚወዱ፣ ክራባታቸውን በሐምሌ ጭቃ እንኳ የማይፈቱ ሰው ናቸው።

"ወርቅነሽ፣ ከእንግዲህ ካርድ የሚባለው ነገር ታሪክ ሆነ" አሉኝ።

"መደርደሪያውስ?"

"ለማገዶ።"

"እኔስ?"

ይህን አላሰቡበትም ነበር። "አንቺ ትረጃለሽ" ብለው ሄዱ።

የምረዳው ስንታየሁ የሚባለውን ታይፒስት ነው። ጣቱ ፈጣን፣ ጠባዩ ጥሩ ጎልማሳ ነበር። ማኅደር አቀብለዋለሁ፤ እሱ ይጽፋል። አቶ ፍስሐ ሥራው ቶሎ ብዙ እንዲመስል ከወፍራም ማኅደሮች ጀምሩ ስላሉ፣ የእማማ ጥሩነሽ ተራ ቶሎ ደረሰ።

"ይሄ ሁሉ ክር ምንድነው?" አለኝ።

"አራት ሰው ነው" አልኩት፤ አንድ በአንድ አስረዳሁት።

አሰበና ራሱን ነቀነቀ። "ፕሮግራሙ ላይ የክር ቦታ የለም።"

አራቱንም በአንድ ስም አስገባቸው። እኔም አቀበልኩት። ምን ላድርግ? የክር ቦታ የለማ።

የመደርደሪያው ግማሽ እንደገባ የድርጅቱ በጀት አለቀ፤ ጽሑፉም እዚያው ላይ ቆመ። ግማሹ በሽተኛ የኮምፒውተር፣ ግማሹ የካርድ ሆኖ ቀረ። ምረቃው ግን አልቀረም። ድንኳን ተተከለ፣ ለስላሳ ተገዛ፣ እንግዶች መጡ። አቶ ፍስሐ ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደሚያውቅ ሊያሳዩ ብዙ ታሪክ ያለው በሽተኛ እንዲከፈት አዘዙ። ስንታየሁ ጥሩነሽን ከፈተ።

አቶ ፍስሐ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። "ዕድሜ ስልሳ አንድ። ፆታ ሴት። የስኳር ሕመምተኛ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር።" እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዓይናቸው ግን ቀደም ብሎ ሄዷልና አፋቸው ተከተለው። "የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች። የፕሮስቴት እጢ።"

ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ሸበቶ ሐኪም ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው "እኚህን ሴትዮ ብተዋወቃቸው ደስ ይለኛል" አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቄንም አቶ ፍስሐ አዩ።

በማግስቱ ስንታየሁን ጠርተው "አጽዳው" አሉት።

"የትኛውን ልተው?"

"ሁሉንም አጥፋ። የመጀመሪያውን ብቻ ተው።"

የመጀመሪያው፣ እማማ ጥሩነሽ ካርድ ያወጡ ዕለት የነበረባቸው ጉንፋን ነበር። ኮምፒውተሩ ዘንድ ጥሩነሽ የምትባል አንዲት ጉንፋን ያለባት ሴት ቀረች።

ቀጥሎ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በኮምፒውተር ላይ ያልተመዘገበ በሽታ መድኃኒት አይሰጠውም። ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ የሌለ ሰው ከቀበሌው ደብዳቤ ያምጣ። መብራት በጠፋ ጊዜ በካርድ ይሠራል። ይህችን የመጨረሻዋን አቶ ፍስሐ ያስገቡት የሰፈራችንን መብራት ጠባይ ስለሚያውቁ ነው። ከሥር ፊርማቸውን በትልቁ አሳረፉ።

እማማ ጥሩነሽ የስኳር ኪኒናቸውን ሊወስዱ መጡ። የመድኃኒት ክፍሏ ልጅ ከኮምፒውተር የወጣውን ወረቀት አገላብጣ አየች። "እማማ፣ ስኳር የለብዎትም" አለቻቸው።

"ምን አልሽ?"

"ኮምፒውተሩ ላይ የለም። ጉንፋን ነው ያለብዎት።"

"እሰይ!" አሉ እማማ ጥሩነሽ፣ ተራ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪሰማ። "ስንት ጸበል ያልነቀለልኝን ስኳር ይሄ ሣጥን ነቀለልኝ? ስለት አገባለታለሁ! የት ነው ያለው፣ ልሳለመው!"

ሰዉ ሣቀ። እሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

አቶ ፍስሐ ቢሮ ገባሁ። "ሴትዮዋ ስኳር አለባቸው፤ እርስዎም ያውቃሉ" አልኳቸው።

"ካለባት ላቦራቶሪ ትመርመር።"

"ላቦራቶሪም የሚቀበለው ከኮምፒውተር የወጣ ትእዛዝ ነው። ለጉንፋን ደግሞ ስኳር አይመረመርም።"

"ደንብ ደንብ ነው፣ ወርቅነሽ። በምረቃው ቀን ማን እንዳሳቀብን ረሳሽ?"

አልረሳሁም። እሳቸውም አልረሱም፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ሸምሲያ እማማ ጥሩነሽን ደግፋ በር ላይ ደረሰች። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዓይናቸው ሰው አይለይም። እግራቸው ላይ ያለ ቁስል በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ያ ምላስ አንድ ቃል አልወጣውም።

"ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ብቻ ሲሉ አደሩ" አለችኝ ሸምሲያ። "እትዬ ወርቄ፣ በአላህ አንድ ነገር አድርጊ። እሳቸው የሞቱ እንደሆነ ማን አለኝ?"

ያን ቀን የተናደድኩትን ንዴት እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። ወደ አቶ ፍስሐ ቢሮ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ተመለስኩ። እግሬ ወደ ውጭ በር ወሰደኝ።

ዘበኛችን ጋሽ ቱፋ የሀና ማርያም ተወላጅ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የጤና ጣቢያው የመብራት ቆጣሪ ከነማጥፊያው ያለው እሳቸው ቤት ውስጥ፣ ከአልጋቸው ራስጌ ነው።

"ጋሽ ቱፋ፣ ዛሬ መብራት አይጠፋም እንዴ?" አልኳቸው።

እኔን አዩ። ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን እማማ ጥሩነሽን አዩ። "ሊጠፋ ይችላል" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

መብራት ጠፋ።

በማስታወቂያው መሠረት ማኅደሩን አወጣሁ። ሐኪሙ የክፍሉን መስኮት ለብርሃን ከፍቶ "የትኛው ክር ናቸው?" አለኝ። "ነጭ" አልኩት። ስኳሩ እዚያው ታስሮ ተቀምጧል። ሽንታቸው ተመረመረ፤ ቁስሉ ታጠበ፤ ኪኒኑ ተሰጠ። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ዘግይታችኋል አለና ወደ ሆስፒታል ጻፈላቸው።

ከዚያ በኋላ የመብራታችን ጠባይ ተበላሸ። የጉልት ሴቶች ሲመጡ ይጠፋል። ከገጠር ገበሬ ሲመጣ ይጠፋል። ሸምሲያ ለምርመራ ስትመጣ ይጠፋል። ፊት ለፊታችን ያለው የወፍጮ ቤት ግን ያጓራል፤ የመብራት ሠራተኞች መጥተው መስመሩን መረመሩና ጤነኛ ነው ብለው ሄዱ።

"ወፍጮው ይሠራል፣ እኛ ጋ ይጠፋል፤ ይሄ ነገር ምንድነው?" አሉኝ አቶ ፍስሐ።

"ወፍጮ ቤቱ ኮምፒውተር ስለሌለው ይሆናል" አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

አንድ ሰኞ ሰዉ በረንዳውን ሞልቶ ሳለ አንዲት አሮጊት ከታክሲ ወርደው ገቡ። ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ሁለት ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። ከኋላቸው እጃቸውን ይዘው የሚደግፏቸው አቶ ፍስሐ ነበሩ። እናታቸው ናቸው።

ስንታየሁ ስማቸውን ጻፈ። ማሽኑ አላገኛቸውም። "የቀበሌ ደብዳቤ ይላል" አለ ቀስ ብሎ።

"እለፈው" አሉ አቶ ፍስሐ።

"አያልፍም ጋሼ። ያለ ደብዳቤ እንዳያሳልፍ ዝጋው ብለውኝ ዘግቼዋለሁ። መክፈቻውን ደግሞ የድርጅቱ ሰው ነው የሚያውቀው።"

 ተራ ከያዘው ሰው ስንቱ በዚያች ደብዳቤ የተነሣ ባዶ እጁን ተመልሷል። ማስታወቂያው በራቸው ላይ፣ ፊርማው የራሳቸው። ከወረፋው መሐል አንዲት ሴት "ደብዳቤ ያምጡ በሏቸው እንጂ!" አለች። የሳቀ ሰው የለም።

አቶ ፍስሐ እናታቸውን አግዳሚ ላይ አስቀመጡ። ክራባታቸውን አላሉ፤ ሲያላሉት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ግቢውን አቋርጠው ወደ ዘበኛ ቤት ሄዱ። መስኮቴ በዘበኛ ቤቱ በኩል ነውና ሰማኋቸው። ፊታቸውን ወደ ወፍጮ ቤቱ አዙረው፣ ጋሽ ቱፋን ሳያዩ፣

"ጋሽ ቱፋ፣ ዛሬ መብራት አይጠፋም እንዴ?" አሉ።

"ሊጠፋ ይችላል" አሉ ጋሽ ቱፋ።

ጠፋ። ወፍጮው እያጓራ ለእናታቸው አዲስ ማኅደር ከፈትኩ፤ በነጭ ክርም አሰርኩላቸው። አቶ ፍስሐ መስኮቴ ላይ ቆመው ክሩን ስቋጥር አዩ።

ማስታወቂያው በማግስቱ በሩ ላይ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ዳንቴሉን እንደለበሰ ቆይቶ ጡረታ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። እማማ ጥሩነሽ ከሆስፒታል አንድ የእግር ጣታቸውን ትተው ተመለሱ። ምላሳቸው ግን አብሯቸው ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ዘንድ እስከ መጨረሻው ጉንፋን ብቻ ነበረባቸው።

ከሥራ ዘመኔ የቀረልኝ ትምህርት ይህ ነው፦ ደንብ የሚያወጣ ሰው ማጥፊያው የት እንዳለ ያውቃል። እንዲጠፋለት የሚጠይቀው ግን የራሱ ሰው ሲታመም ነው።