ሻካራዋና ጋሼ

ሻካራዋ የሚለውን ስም ያወጣላት የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነው። እናቷ እዚያ አንሶላ አጣቢ ነበረች። አባት የሚባል ስላልነበረ ልጅቷም ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው እየዋለች የደረቀውን ታጥፋለች። ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ሰው አጠገቡ ያለውን እንኳ አይሰማም፤ እሷ ግን ትዘፍናለች፤ ለመሰማትም ከሆዷ መጮህ ነበረባት። ኃላፊው አንድ ቀን በሩን በርግዶ ገባ።

"እኔ እኮ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነው። ምን ዓይነት ሻካራ ድምፅ ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ፤ እናቷም አብራ ሳቀች። ስሙ እንደዚያው ተጣብቆባት ቀረ።

ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አንድ የሆቴል ባንድ ሪትም ኤንድ ብሉዝ የምትዘፍን ሴት እንደሚፈልግ ሰማችና ሄደች። የባንዱ መሪ ሳክስፎን ተጫዋች ነው፤ ትልቅም ትንሽም ጋሼ ነው የሚለው። አንድ ዘፈን አስጀምሯት መሀል ላይ አስቆማት።

"ድምፁስ አለሽ። ግን ደስ ብሎሽ ነው የምትዘፍኚው።"

"ደስ ቢለኝ ምናለበት ጋሼ?"

"ይሄ ሆድ የባሰው ሰው ሙዚቃ ነው። ግድ የለም፣ እኔ አስተካክልሻለሁ።"

እውነትም አስተካከላት። መድረክ ልትወጣ ስትል ኮሪደሩ ላይ ያስቆማትና የቀሚሷን አንገት እያቃና በጆሮዋ አንድ ነገር ይላታል። "ትናንት የመጡት ሰዎች ሌላ ዘፋኝ የላችሁም ወይ አሉኝ።" ወይም፣ "ቀሚሱ አይደለም የጠበበው፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው።" እሷም ያንን ይዛ ትወጣለች፤ ድምፅዋ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ይላል፤ አዳራሹ ውስጥ የሹካ ኮሽታ እንኳ ይጠፋል። ስትጨርስ እቅፍ ያደርጋታል። "አየሽ? ይሄን ነው የምልሽ።"

ካገባት በኋላ ዘዴው አልተለወጠም፤ የሚያውቀው ነገር ጨመረ እንጂ። አንድ ጊዜ የጨነገፈባትን ልጅ አንስቶባታል። እሷ ግን ባሏ ከሆነም በኋላ ጋሼ ማለቷን አልተወችም።

የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲቀርጹ እናቷ ታማ ዕድሜዋን በፈጀችበት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ዘፈኑ ስልክ ስለምትጠብቅ ሴት ነው፤ ቀስ ያለ ዜማ። ደጋግማ ዘፈነችው፤ ጋሼ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ በእጁ እምቢ ይላል። በመጨረሻ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባና ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀላት።

"እናትሽ አርፋለች።"

"መቼ?"

"ጠዋት ደውለው ነበር።"

ቦርሳዋን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ያዛትና ማዳመጫውን መልሶ አደረገላት።

"አንድ ጊዜ ብቻ ዝፈኚው። ከዚያ እኔው ራሴ እወስድሻለሁ።"

ዘፈነችው። የድምፅ ባለሙያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መጨረሻው ላይ ግጥሙ ውስጥ የሌለ፣ ቃልም ያልሆነ ነገር ከአፏ ወጣ፤ ጋሼ አይቆረጥ አለ። ያ ዘፈን በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ የትም ብትሄድ ሰው የሚጠይቃት እሱን ነው፤ እሷም ትዘፍናለች።

አክስቷ ነገሩን ከባለሙያው አፍ ሰምታ ቤቷ ድረስ መጣች።

"እንዴት አንድ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ?"

"ዘፈኑ ጥሩ ሆነ እኮ፣ አክስቴ።"

አክስቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወጣች። ሁለተኛ አልመጣችም።

ሻካራዋ ጉሮሮዋን የታመመችው ገና በጉልምስናዋ ነው። ሐኪሙ ሌላ ሥራ ፈልጊ አላት። ወር ሳይሞላ ጋሼ ከአንድ ፀጉር ቤት ለጋ ልጅ አመጣ፤ ባንዱ ሚጣ ይላታል። ድምፅዋ ማር ነው። አሠልጥኚያት ሲላት ሻካራዋ እሺ አለች፤ ትንፋሽ አያያዙን፣ የማይክሮፎን ርቀቱን፣ ሁሉን ሳትሰስት አሳየቻት። የጆሮ ጌጧን ሳይቀር አዋሰቻት። ሚጣ እትዬ ትላታለች። ከጊዜ ብዛት ልቧን ከፈተችላትና አንድ ቀን የሆዷን ነገረቻት፤ ታናሽ ወንድሟን ወንዝ ዳር እንድትጠብቅ ተሰጥቷት ከጓደኛዋ ጋር ወሬ ስትይዝ ውሃ እንደወሰደው። ሻካራዋ ፀጉሯን እየዳበሰች አዳመጠቻት።

የሸክላ አሳታሚዎች ሚጣን ለማየት የሚመጡ ዕለት ጋሼ ቤት ውስጥ ይንቆራጠጥ ነበር። ሻካራዋ ሸሚዙን ትተኩሳለች።

"ልጅቷ ባዶ ናት። የሚነካት ነገር አጣሁ።"

"ስለ ወንድሟ አንሳባት" አለችው፣ ቀና ሳትል።

"ወንድም አላት እንዴ?"

"ነበራት።" እጅጌውን እየተኮሰች አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ጋሼ ወደ ሚጣ ጆሮ ጎንበስ ሲል አየች። ሚጣ እሱን አላየችም፤ ዞር ብላ ያየችው ሻካራዋን ነው። ከዚያ ወጣችና ዘፍና እንደማታውቀው አድርጋ ዘፈነች። ሰው ቆሞ አጨበጨበላት። ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሻካራዋ ሄደች።

"እትዬ፣ ከአንቺ ሌላ ለማንም አልነገርኩም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ምን በድዬሽ ነው?"

"ምንም። ጥሩ ዘፈንሽ።"

ሚጣ ጌጡን ከጆሮዋ አውልቃ እጇ ላይ አደረገችላትና በጓሮ በር ወጣች። ሌላ ባንድ ገባች፤ ዛሬ ፎቶዋ በየግድግዳው ነው። ማን አስተማረሽ ሲሏት ማንም ትላለች።

የጋሼ ባንድ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ባልና ሚስቱ አሁን ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። የጋሼ ግራ ጆሮ ጨርሶ ደንቁሯል፤ ሐኪሙ በቀኙ በኩል ሆነሽ አናግሪው ብሏታል። እሷ ግን ሲበሉም፣ ሲቀመጡም በግራው በኩል ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ረጅም ነገር ታወራለታለች።

"ምን አልሽ?" ይላታል፣ አንገቱን አስግጎ።

ከንፈሯን ጠረግ አድርጋ ሳህኑን ታነሳለች።