የለተብርሃንን ኑሮ «እኔ» ብዬ የነገርሁበት ቀን

እኔ ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ከየኔታ ዘንድ የተማርሁትም እስከ ዳዊት ድረስ ብቻ ነው፤ የቡሬ ሰዎች ስሕተቴን እለፉልኝ።

ከቡሬ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ከአክስቴ ጋር ገበያተኛ መስዬ ነው። አስካሪ የሚባሉት ከኤርትራ የመጡ የጣሊያን ወታደሮች ቤታችንን አቃጥለው ወንድሜን ዓለሙን ደጃፉ ላይ ከገደሉት ገና ሳምንት አልሞላም ነበር። እናቴ ከመቃብሩ አልለይም ብላ ቀረች። አንድ ቅል ድልህ አሸክማኝ፣ «ብቻሽን እንዳትበዪው» አለችኝ።

ሱዳን ጠረፍ ላይ አንድ ጸሐፊ በአስተርጓሚ ጠየቀን።

«ወረቀት አላችሁ?»

«ከቤቱ ጋር ነደደ» አለች አክስቴ።

«መንደዱን የሚያስረዳ ወረቀትስ?»

«አቃጣዮቹ ሳይጽፉልን ቸኩለው ሄዱ፣ ጌታዬ።»

ኦምዱርማን ወደሚባለው ከተማ አለፍን። በዚያ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ቀኑን ያጨልመዋል። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው እንጀራ ይመስላል፤ ግን ዓይን የለውም። አክስቴ ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ ወደሚባል ከተማ ስትሄድ እኔ የአዋላጆች ኮሌጅ ገባሁ። አልጋዬ ከለተብርሃን አልጋ አጠገብ ሆነ። የኤርትራ፣ የሐማሴን ልጅ ናት። ወንድሟ አስካሪ መሆኑን ስሰማ ፊቴን አዞርሁባት፤ ድልሄንም ደበቅሁ።

አንድ ቀን መምህራችን ሲት ዘይነብ ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠችን። እኔን ከለተብርሃን ጋር።

«የጓደኛችሁን ኑሮ ጠይቁ። ነገ ‹እኔ› እያላችሁ ትነግሩናላችሁ። የሌላዋን ሕመም እንደ ራሷ ያልሰማች አታዋልድም። እንቢ ያለች ጓዟን ትጠቅልል።»

መሄጃ አልነበረኝም፤ ጠየቅኋት፣ የእኔንም ነገርኋት። አባቴም በሕይወት ሳለ፣ ሰው ሲያስታርቅ «መጀመሪያ የባላጋራህን ነገር እንደ ራስህ አድርገህ ንገረኝ» ይል ነበር። ያኔ ሰው ማድከሚያ ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ክፍሉ ፊት ቆምሁ።

«እኔ ለተብርሃን ነኝ። ዝናብ ቀርቶብን ተራብን። ወንድሜ ለደመወዝ ብሎ የጣሊያን ወታደር ሆነ። እናቴ ቀበቶውን ይዛ አልለቅም አለች፤ አስለቅቋት ሄደ። በደመወዙ እህል ተገዛ፤ እኔም በላሁ። ዛሬ የት እንዳለ፣ ማንን እንደ ገደለ አላውቅም።»

ይህን ብዬ ተቀመጥሁ።

ለተብርሃንም ተነሥታ በተሰባበረ አማርኛ «እኔ ጥሩወርቅ ነኝ» አለች። «ዓለሙን ደጃፋችን ላይ…» ብላ መጨረስ አቃታት፤ ተቀመጠች።

ምሳ ሰዓት ላይ ቅሉን አወጣሁ። ለተብርሃን ኪስራዋን ድልሁ ውስጥ ነክራ እጇ ቆመ።

«ጥሩዬ፣ ቡሬ ከመጡት ወታደሮች ውስጥ እንደ ወንድሜ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ረጅም ልጅ ነበረ?»

«አላውቅም። ልብሳቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁም» አልኋት። እውነቴን ነው፤ ፊት እንዳላቸውም አላሰብሁም ነበር።

ኪስራዋን ከድልሁ አወጣችና፣ «እሺ» አለችኝ፤ «እንዲያው የመጡት ልጆች… ርቧቸው ከስተው ነበር?»