ዞሮ የሚሄደው ወንድሜ

ልጅ እያለሁ ወንድሜን አድማሱን ፈሪ አድርጌ ነበር የማውቀው። እሱ በአራት ዓመቱ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኖ ከኢትዮጵያ አውሮፕላን የተሳፈረ፣ እኔ ደግሞ እዚሁ እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ የተወለድኩ ነኝ። የምነግራችሁ ነገር ሲሆን እሱ አሥራ ስድስት፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር። የምንኖረው ጊቫት ኦልጋ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ የባሕር ጨው ቀለሙን በላጠው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። በበጋ ደረጃው ሁሉ የተጠበሰ ሽንኩርትና የእርጥብ ፎጣ ሽታ ይሸት ነበር። ሚሽሚሽ የሚባለውን ፍራፍሬ በልተን የውስጡን ጠንካራ ፍሬ እናደርቅና በከረጢት አጠራቅመን እንጫወትበታለን። ብዙ ያጠራቀመ እንደ ንጉሥ ይታይ ነበር።

ከቤታችን እስከ ማኮሌት፣ ማለት እስከ ሰፈሩ ሱቅ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። አድማሱ ግን ዳቦ ሲላክ በቦምብ መጠለያው ጀርባ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ዞሮ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ምክንያቱም ሱቁ በር ላይ ያለው የብረት አጥር ላይ ሩቢ ይቀመጣል። ሩቢ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ደረተ ሰፊ ነው፤ የኛ የኢትዮጵያውያኑ ልጆች ሲያልፉ አፍንጫውን ይይዛል፣ «ኩሺ» ብሎ ቆዳችንን ይሰድባል፣ የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ፊታችን ላይ ይተፋል። ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው አድማሱን ነበር። ረጅምና ዝምተኛ ስለሆነ ይመስለኛል።

አባቴ የከተማውን መናፈሻ የሚጠርግ ሠራተኛ ነበር። ነገሩን ሲሰማ «የፈሪ እናት አታለቅስም፤ ዞረህ ሂድ ልጄ» ይለዋል። እኔ ያቺን ተረት እጠላት ነበር። አድማሱ ዳቦውን ይዞ ሲገባ በዕብራይስጥ «ፓህዳን!» እለዋለሁ፤ ፈሪ ማለት ነው። በምሳ ሰዓት እለዋለሁ፣ ጫማውን ሲያስር እለዋለሁ፣ ጓደኞቹ ፊት እለዋለሁ። መንጋጋው ይንቀሳቀሳል እንጂ አንድም ቀን አልመለሰልኝም።

ትምህርት ሊዘጋ ሰሞን እናቴ ዘይት ግዢ ብላ ላከችኝ። ሩቢ የሚሽሚሽ ፍሬ ከረጢቴን ነጠቀኝና መንገዱ ላይ በተነው። ፍሬዬን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሸሚዙ ላይ ተፋሁበት። በጥፊ አጮለኝ። ሹሩባዬን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር ሲያላትመኝ ከንፈሬ ተተረተረ። ደሜን እያንጠባጠብኩ ቤት ስገባ አድማሱ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

«አየህ?» አልኩት። «አንተ ስለምትሸሸው ነው እኔን የሚመታኝ።»

ፎጣውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአጭሩ መንገድ ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

ሩቢ ሲያየው ፈገግ ብሎ «የት ጠፍተህ...» ማለት ሲጀምር የመጀመሪያው ቡጢ አፍንጫው ላይ አረፈ። ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ጥርሱን አስፋልት ላይ ጣለው። ሩቢም ደካማ አልነበረም፤ አድማሱን ጎኑ ላይ በጉልበቱ መታው፤ ግን አላስቆመውም። አድማሱ ጣለውና ደረቱ ላይ ተንበረከከ። እኔ «በለው! በለው!» እያልኩ እዘላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ የሩቢ እጆች ወደቁ። መከላከሉን ተወ። አድማሱ ግን አልቆመም። ፊቱን ለማየት ዞርኩ፤ ወንድሜ እየሳቀ ነበር። ድምፅ የሌለው ሳቅ። «በቃ አድማሱ! በቃ!» ብል አይሰማኝም። ባለሱቁ በመጥረጊያ እንጨት ጀርባውን ቢደበድበው አልተሰማውም። አራት ወንዶች ናቸው ጎትተው ያነሱት። ሩቢ አይንቀሳቀስም፤ ከጆሮው ደም ይወርዳል።

አድማሱን ፖሊስ ወሰደው። ሩቢ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ተረፈ፤ ግራ ዓይኑ ግን ከዚያ በኋላ አጥርቶ አላየም። እናቴ አለቀሰች። አባቴ በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይዞ መጣና «ነይ፣ ታስተረጉሚልኛለሽ» አለኝ። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ የነሩቢን ሕንፃ ሦስት ፎቅ ወጣ።

የሩቢ እናት በሩን ከፍታ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ስታይ «ሊገድለን መጣ!» ብላ ጮኸች፤ በሩንም ጠረቀመችው። ጎረቤቶች እየሮጡ ወጡ። አንደኛው አባቴን አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ሌላው ሆዱን መታው። ድንጋዩ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ደም በሰንደሉ መሀል ሲወጣ አየሁ። አባቴ እጁን አላነሳም። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን መልሶ ተሸከመ።

«አይወረውረውም!» ብዬ ጮህኩ በዕብራይስጥ። «በኛ ባህል የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው! አውርድ ካልተባለ አያወርድም!»

አባቴን አንቆት የነበረው ሰው ወደ ኋላ አለ። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። ሴትዮዋ የአባቴን እግር አየች፤ ቀጥሎ የእኔን የተሰፋ ከንፈር።

«ልጄ የመታው አንቺን ነው?»

«አዎ።»

ሰንሰለቱን ፈታች። አባቴ ድንጋዩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ይቅር አላልኩም፤» አለች በመጨረሻ። «ግን አውርደው በዪው። ይከብደዋል።»

ፍርድ ቤት ስትቀርብም ይህንኑ ነው ያለችው፤ ይቅር አላልኩም፣ ግን ልጁ አይታሰር። አድማሱ ቅጣቱ በገደብ ሆነለት። ወታደር የሚሆንበት ጊዜ ሲደርስ ግን ከልጅነቱ የተመኘው የጦር ክፍል በወንጀል መዝገቡ ምክንያት አልቀበልም አለው። መጋዘን ሲጠብቅ አገልግሎቱን ጨረሰ። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም።

አምና ልጆቻችንን ይዘን ወደ ናሓል ሀደራ መናፈሻ ስንሄድ፣ እሱ እየነዳ፣ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኩት፤ ያኔ ሩቢን ለምን ትሸሸው ነበር?

«ልመታው ስለምፈልግ ነዋ» አለኝ። «ቁጭ ብዬ ሳስበው ደስ ይለኝ ነበር። ደስታው ነው ያስፈራኝ።» ትንሽ ነዳና ጨመረበት። «ሩቢን ዞሬ አልፈው ነበር። አንቺ ግን ቤት ውስጥ ነበርሽ።»

በቁጣ አልነበረም ያለው። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ወንድሜን የተነኮሰው ሩቢ ነው ብዬ ስናገር ኖሬያለሁ።

መናፈሻው በር ላይ መኪና ልናቆም ስንል አንድ ሰው ቦታችንን ቀድሞ ገባ። መስኮቱን አውርዶ በእናታችን ሰደበን። አድማሱ የራሱን መስኮት ዘጋና ሌላ ቦታ ፍለጋ መሪውን አዞረ። ያኔ ቢሆን ምን እንደምለው አውቃለሁ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ከኋላ ልጄ «እማዬ፣ አጎቴ ለምን ዝም አለው?» አለችኝ።

«ቦታ ሞልቷል፤» አልኳት። «ዞረን እንፈልጋለን።»