ከሙሽራ ወደ እጩ አባል

እኔ የገባሁት ሙሽራ ሆኜ ነው። ከእኔ በኋላ የመጡት እጩ አባል ሆነው ገቡ። ያጠብነው ልብስ ግን ያው ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃ ሲል፣ ከአየር ጤና ብዙም በማይርቅ አንድ የሴቶች የጤና ረዳት ማሠልጠኛ ገባሁ። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፣ አዳሪ። አዳሪዎቹ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። አስተዳደሩ ያውቀዋል፣ ግን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ቤቱ» ነው የምንለው። ቤቱ የገባች ሴት ያለፉት ተመራቂዎች የተዉትን ደብተር ታገኛለች፤ ስትታመም ሾርባ የሚያመጣላት አታጣም። ትልቁ ጥቅም ግን የሚታየው ስትመረቅ ነው። ምደባ በዕጣ ነበር። ጎሬም ይውጣልሽ ጎዴ፣ ከቀደሙት አንዷ እዚያ አለች። ደብዳቤ ይጻፍላታል፣ አውቶቡሱ ድረስ መጥታ ትቀበልሻለች፣ ቤት እስክታገኚ አልጋዋን ታካፍልሻለች። ዘመድ ለሌላት ሴት ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም።

አገባቡ ሁሉ የሰርግ ነበር። ሁለተኛ ዓመቶቹ አንዲት አዲስ ገቢ ደስ ካለቻቸው «ታጨች» ይባላል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነጠላ ያከናንቧትና «ተሞሸረች» ይባላል። ሦስት ቀን አንገቷን ደፍታ፣ ከሚዜዋ በቀር ማንንም ሳታናግር ትውላለች። ከዚያ ለአንዲት ሁለተኛ ዓመት ትሰጣለች። ያቺ አማቷ ናት። ሙሽራዋ ለአማቷ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ልብስ ታጥባለች። እጥበቱን ስትጨርስ ቅልቅል ይደረግና ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ልጅ ናት።

የእኔ አማት አምስት ነጭ ጋዋን ነበራት። ለሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሲታደል እሷ አምስቱን ከየት እንዳመጣች እንጃ። ሳሙና ደግሞ በራሽን ነው።

«እሜቴ፣ ሳሙናው አልቋል» እላታለሁ።

«እንዶድ የለም? ሙሽራ ምክንያት አታበዛም።»

አብራኝ የተሞሸረች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ በትምህርት ማንም የማይደርስባት። ቧንቧው ጋ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን፣ ሳፋችን ላይ ተደፍተን አማቶቻችንን ስናማ ነው የተዋደድነው። አንድ ቀን እጇ በእንዶድ ቆስሎ እያየችው፣ «እኛ ተራችን ሲደርስ ይህን ነገር እናስቀረዋለን፤ ስሚኝ፣ እናስቀረዋለን» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ተራችን ደረሰ። እሷ ትልቋ አማት ሆነች፣ እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው፤ ደግሞ ስትጽፍ አፏ ያርፋል ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት የግቢው የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን። ካድሬው ነው የምንለው። ወጣት ነው፣ ካኪ ለባሽ፣ ሲናገር ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ የሚመታ።

«ይህ ሙሽራ፣ አማት የምትባባሉት ምንድነው?»

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ» አለች ጓደኛዬ።

«ጨዋታ አይደለም። የፊውዳል ቅሪት ነው! ሰፊው ሕዝብ ሴትን ከጭቆና አወጣለሁ ሲል እናንተ ግቢ ውስጥ አማት ትሾማላችሁ? ወይ ተደራጁ፣ ወይ ተበተኑ። በሳምንት ውስጥ ደንብ አምጡልኝ።»

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙሽራን እጩ አባል አልኳት። ማጨት ምልመላ ሆነ፣ መሞሸር መታቀፍ። አማቷ ኃላፊ ጓድ ተባለች፣ ትልቋ አማት ሊቀመንበር። ሦስቱን የዝምታ ቀን የግለ ሂስ ጊዜ ብዬ ሳሳልፋቸው ራሴም ሳቅሁ። ልብስ እጥበቱ ጋ ስደርስ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ይህንን እናውጣው» አልኳት። «ተባብለን አልነበር?»

«እንዴት ነው የምናወጣው? እኛ ያጠብነው በነፃ ነው?»

«እናስቀረዋለን ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ያኔ ሙሽራ ነበርኩ። ዝም ብለሽ ጻፊ ባክሽ፤ የጉልበት አስተዋፅኦ በይው።»

ጻፍኩት። እውነቱን ልናገር፣ የእኔም ሁለት ጋዋን ቆሽሾ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ነበር።

ካድሬው ረቂቁን አነበበ፣ ደስ አለው። ሁለት ነገር ብቻ ጨመረበት። አንደኛ፣ እያንዳንዷ እጩ ግለ ታሪኳን ጽፋ ታቅርብ አለ። ሁለተኛ፣ «ማንኛዋም ሠልጣኝ ያለ ምንም ልዩነት ልትታቀፍ ትችላለች» የሚል ዓረፍተ ነገር በቃሉ አጻፈኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር በየስብሰባው ስለምንሰማው ሳላስበው ነው የጻፍኩት። ከዚያ ማኅተም ተደረገበት።

በዚያ ዓመት ስድስት እጩ መለመልን። በድሮው አገባብ ሙሽራን የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ደስ ካለችን አለችን ነው። አሁን ግን ስድስት ወረቀት ቀረበና በስብሰባ አነበብኩት። አምስቱ ላይ ጭቁን ገበሬና ወዝ አደር ሞልቶባቸዋል። ስድስተኛው አራት መስመር ብቻ ነበር። «አባቴ ሞቷል። እናቴ የሥጋ ደዌ ታማሚ ናት። ዘነበወርቅ ሆስፒታሉ አጠገብ እንኖራለን። ሌላ ዘመድ የለኝም።»

ልጅቷ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ዓይኗን ከሰው የማትሰብር ናት። ከሁሉም ቀድመን የመለመልናት እሷን ነበር። መርፌ አወጋግ ስንለማመድ እጇ አይንቀጠቀጥም ተብላ ሁሉም ኃላፊዋ መሆን ይፈልግ ነበር።

«የቆማጣ ልጅ ናት ማለት ነው?» አለች አንዷ ከኋላ።

«የሥጋ ደዌ በይ እንጂ፣ ነውር አይደለም?» አለች አጠገቧ ያለችው። ከዚያ ሁለቱም ተሳሳቁ።

ሊቀመንበሯ ግን አልሳቀችም። እሷ ብልህ ናት። «አንቀበልም አንልም፣ ደንብ አለን» አለች። «ለጤንነቷ ሲባል ከጉልበት አስተዋፅኦ ነፃ ትሁን። አስተዋፅኦዋን ስላልፈጸመች ደግሞ ሙሉ አባል ልትሆን አትችልም። እጩነቷ ይራዘም።»

«እስከ መቼ?» አልኩ።

«ይራዘም አልኩሽ። ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሪው።»

«አላሰፍርም። ምን ታማ ነው ነፃ የምትሆነው? እሷ እንደሆነ ደህና ናት።»

«አንቺ አላበዛሽውም?» አለችና በዓይኗ ለመነችኝ። ቧንቧው ጋ እጃችን ሲቆስል አብራኝ የነበረችዋ ጓደኛዬ ናት፤ አሳዘነችኝ። ግን አልጻፍኩም። ስብሰባው ለሚቀጥለው እሑድ ተላለፈ።

ከስብሰባው በኋላ በእንቅልፍም በትምህርትም ልቤ አላረፈም። የሁለት ዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ ያቺ ልጅ ዕጣ አውጥታ ወደማታውቀው አገር ትሄዳለች፤ ደብዳቤ የሚጽፍላት የለም፣ የሚቀበላት የለም። ሌላ ዘመድ የለኝም ብላ ጽፋ ነግራናለች። አምስቱ እያጠቡ እሷ ስትቀመጥ ደግሞ ምክንያቱን ግቢው ሁሉ ማወቁ አይቀርም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ጋዋኔን ይዤ መኝታ ክፍሏ ሄድኩ።

«ያዢ፣ እጠቢልኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን? እጅ የለሽም?»

«አለኝ። ግን ሌሎቹ እያጠቡ ነው። ካላጠብሽ አትገቢም።»

«ከልብስ እጥበት ነፃ ነሽ ተብዬ የለ? ሊቀመንበሯ ራሷ ጽፋ ወረቀት ሰጥታኛለች።»

«ነፃ ያወጡሽ እንድትቀሪ ነው።»

«ይህንንማ አውቃለሁ፣ ጓድ ጸሐፊ። ልጅ እያለሁም ከመቀመጫ ጓደኛ ነፃ ይሉኝ ነበር፤ ብቻዬን ሰፊ ዴስክ ነበረኝ።» ተነሥታ ጋዋኖቹን ከእጄ ወሰደች። «ይህ ቀለም ነው? ቀለም በእንዶድ አይለቅም። ሳሙናሽን አምጪ።»

ቧንቧው ጋ አምስቱም እጩዎች ነበሩ፤ ኃላፊዎቻቸው ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። እሷ ሳፋዋን መሀል ላይ አስቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆምኩ። አንዷ ኃላፊ ተነሥታ የእሷን እጩ ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ አራቀቻት። ልጅቷ አላየችም ወይም ላለማየት ወሰነች፤ አንገትጌውን በአውራ ጣቷ ትፈትጋለች። ልብሱ ተሰጥቶ ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ በኩል ሲዞር፣ «አሁን እንግዲህ የሁላችሁም እኩል ይሸታል» አለች። ጥግ ላይ የራቀችው እጩ ሳቋ አመለጣት።

እሑድ ያንን ጋዋን ለብሼ ስብሰባ ገባሁ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ።

«ለምን ለበስሽው?» አለች ሊቀመንበሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ንጹሕ ስለሆነ። የጉልበት አስተዋፅኦዋን ጀምራለች፤ ነፃ የሚለው ተሰርዞ ትታቀፍ ብዬ አሳስባለሁ። የሚቃወም ምክንያቱን ይናገር፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። ቃለ ጉባኤው እንደ ደንቡ ማኅተም ላደረገው ሰው ይሄዳል።»

በዚያን ጊዜ ወረቀት ካድሬው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰው በወረቀት ማስፈራራቴ አያኮራኝም፤ ሰውየውንም አልወደውም ነበር። ግን ያለኝ መሣሪያ ወረቀቱ ብቻ ነው። ያ ሳላስበው የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር በዚያን ቀን ሥራ ላይ ዋለ።

«ባኞውስ?» አለች በመጨረሻ ሊቀመንበሯ። «ሁላችን ገላችንን የምንታጠብበት አንድ ባኞ ነው ያለን።»

«ስለዚህ በሽታ አተላለፍ በተፈተንነው ፈተና ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው ማናት?»

ፊቷ ቀላ። አንደኛ የወጣችው እሷ ነች።

«ፈተና ሌላ ነው» አለች።

«ታዲያ ነገ ተመርቀሽ በሽተኛው ሲመጣ ምን ልታደርጊ ነው? እጩነትህ ይራዘም ልትይው ነው?»

አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋም ተከተለች። ሊቀመንበሯ ጠረጴዛውን መታችና እጅ ይውጣ አለች። እንድትታቀፍ አሥራ አንድ፣ ተቃውሞ አራት። እሷ ራሷ እጇን ለሁለቱም አላወጣችም። ወዲያው እጥበቱም ራሱ ይቅር ብዬ ሌላ ሐሳብ አቀረብኩ። በዚህኛው ሰባት ለስምንት ተሸነፍኩ። እስክመረቅ ድረስ በየወሩ አቀረብኩት፣ በየወሩም ተሸነፍኩ።

አራቱ ተቃዋሚዎች ቤቱን ለቀው ወጡ። ሲወጡ አንዷ ለሊቀመንበሯ፣ «በሙሽራው ጊዜ ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር» አለቻት። እውነቷን ነው። በሙሽራው ጊዜ ወሬው ከተሰማ ሳትታጭ ትቀራለች፣ ማንም ለምን አይልም።

በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ሥነ ሥርዓቱ ሆነ። ወረቀቱ ላይ የሙሉ አባልነት ብዬዋለሁ፤ ሁላችንም ግን ቅልቅል ነበር የምንለው። ሁለት ትሪ ቀረበ። ስድስቱ እጩዎች መሀል ተቀመጡ፣ እያንዳንዷን ኃላፊዋ ታጎርሳለች። የዚያች ልጅ ኃላፊ እኔ ሆኜ ነበርና ተራዬ ደረሰ። ጠቀለልኩና ወደ አፏ ሰደድኩ። ሁሉም ያያል፤ ሊቀመንበሯም ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያለች። ከንፈሯ ጣቴን ሲነካው እጄ በረገገ። ዘነበወርቅን ሳልፍ እናቴ አፍንጫሽን ያዢ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ደንብ ጽፌ፣ ተከራክሬ፣ ድምፅ አስቆጥሬ እንኳ ያ ፍርሃት ከእጄ አልወጣም ነበር።

ልጅቷ ዋጠች። ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ።

«አዎ፣ ፈርቼ ነው።»

«ልተወው?»

«አትተዪውም። አፍሽን ክፈቺ» አልኩና፣ ከመጀመሪያው ተለቅ አድርጌ ሌላ ጠቀለልኩ።